መርዶን በብስክሌት ያደርሱ የነበሩት የአቶ ኪዳነወልድ አስናቀው ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የዕድራችን አባላት፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ ጽሑፉን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በዳባት በኩል ዘመድ ወዳጅ ያላችሁ ሁሉ እስከ ነገ ንጋት ድረስ ወደዚያ ስልክ አትደውሉ። የሟች ወላጅ እናት በሕይወት አሉ፤ የልጃቸውን ሞት እስካሁን የነገራቸው ሰው የለም። በስልክ እንዳይሰሙት መጠበቅ የሁላችንም አደራ ነው፤ አደራው ለምን እንደከበደን ከዚህ ቀጥሎ ከማነበው ትረዱታላችሁ። እኔ የሟች ባለቤት የወይዘሮ መሰረት ታላቅ ወንድም አዘዘ በላቸው ነኝ። ቤተሰቡ አዞኝ ቆምኩ እንጂ፣ ዛሬ በሟች ላይ ያደረብኝ ሐዘንና ቁጣ አንዱ ከሌላው አልተለየልኝምና ድምፄ ከፍ ቢል ይቅር በሉኝ።

አቶ ኪዳነወልድ ከአባታቸው ከአቶ አስናቀው ይበልጣል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ተሰማ በ1952 ዓ.ም. ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ተወለዱ። ፊደል ከመንደሩ የኔታ ዘንድ ቆጥረው በዳባት ትምህርት ቤት በመማር ላይ ሳሉ፣ ለሥራ ወደ ዛሪማ ቆላ ወርደው የነበሩት አባታቸው በወባ ታመው እዚያው አረፉ። ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል የባላቸውን ሞት የሰሙት እንስራ አዝለው ከምንጭ ሲመለሱ፣ ከማዶ ቆሞ “ምነው፣ የአስናቀውን ነገር ገና አልሰማሽም?” ብሎ ከጠየቃቸው አንድ መንገደኛ ሲሆን፣ በዚያች ሰዓት ክንዳቸውን የሚይዝላቸው ሰው እንኳ አጠገባቸው አልነበረም። “ሞቱን ያመጣው እግዜር ነው፤ አነጋገሩን ግን ሰው ነው” ይላሉ እስከ ዛሬ። ልጃቸውም ይህን ቃል እየሰሙ አደጉ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጎንደር ካጠናቀቁ በኋላ በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠልጥነው፣ መጀመሪያ በእግርና በበቅሎ፣ በኋላም በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ሳይክል እየተጓዙ፣ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የወገራንና የዳባትን ገበሬ ከብት ሲከትቡና ሲያክሙ ኖሩ። ቸኩለው የሠሩት ሥራ አልነበረም፤ እንዲያውም ዘገምተኛ ነበሩ፤ የሰላምታቸው ርዝመት ብቻ አንድ በሬ ያስከትብ ነበር። ነገር ግን የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛው ጎረቤት ከየትኛው እንደተኳረፈ፣ በየትኛው ቤት ጭንቅ ሲመጣ ማን እንደሚጠራ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ይህ እውቀት ኋላ ለሌላ ሥራ ተፈለገ።

በ1982 ዓ.ም. ከእህቴ ከወይዘሮ መሰረት በላቸው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ሽማግሌ በላኩ ጊዜ እኔ፣ የከብት መድኃኒት የሚሸት ሰው ለእህቴ አይሆንም ብዬ ተቃውሜ ነበር፤ እህቴ ግን “ሽታው በሳሙና ይለቃል፤ ጠባይ ነው የማይለቀው” ብላ አፌን አስያዘችኝ። እውነቷን ነበር፤ ጠባያቸው እስከ መጨረሻዋ ቀን አልለቀቀም።

ጡረታ ሲወጡ እዚህ ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ ዳር ባለው ቤታቸው ያርፋሉ ስንል፣ ማንም የማይመኘውን ሥራ በፈቃዳቸው ተሸከሙ። ለሕክምናም ለእንጀራም ወደ ከተማችን መጥተው እዚሁ የሚያርፉ የገጠር ልጆች ብዙ ናቸው፤ ስልክ በየኪሱ ከገባ ወዲህ ደግሞ ወላጅ የልጁን ሞት እርፍ እንደጨበጠ ወይም ገበያ መካከል እንደቆመ መስማቱ የተለመደ ሆኗል። አቶ ኪዳነወልድ ይህን ማየት አልችል ስላሉ፣ መርዶ ያለበት ቤተሰብ ሁሉ ይጠራቸው ጀመር። ሲመሽ ከመንደሩ ደርሰው ጎረቤት ያድራሉ፤ ሌሊቱን ሽማግሌዎቹንና ሴቶቹን ያዘጋጃሉ፤ ከብት ሳይወጣ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጎረቤቱን አስከትለው ይገባሉ፤ እናትን በግራ በቀኝ የሚይዟት ሴቶች ሲቀመጡ ያን ጊዜ ነው ቃሉ ከአፋቸው የሚወጣው። የመጀመሪያው ጩኸት እስኪበርድ አብረው ያለቅሳሉ፤ ከዚያ ቤት ግን ውኃ እንኳ አይቀምሱም ነበር። ሞት ይዞ የገባ እጅ ምንም ይዞ አይወጣም የሚል የራሳቸው ሕግ ነበራቸው፤ እኛም ሕጉን እንደ ጨዋነት ቆጥረን እናመሰግናቸው ነበር።

መንገዱ ግን አስቸጋሪ ነበር። ነዳጅ ሲጠፋና ማኪና ሲቆም፣ ባሕር ዳር የሚሠራው ልጃቸው አንዱዓለም የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዝቶ ላከላቸው። ሻጩ በአንድ ሙሌት ሰማንያ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ብሎት ነበር፤ ሻጩ የወገራን ዳገት መች ያውቃል! ሽቅብ አምባ ጊዮርጊስ ሲደርሱ ከባትሪው ጥቂት ብቻ ይተርፋል፤ ብርድና ነፋስ ከፊት ካገኛቸው እርሱም አይተርፍም፤ መመለሻው ቁልቁለት ባይሆን ኖሮ ብዙ ቀን ሜዳ ላይ ባደሩ ነበር። “በቅሎ ሲደክማት ጆሮዋን ጥላ ትነግርሃለች፤ ባትሪ ግን እየሳቀ ወስዶ ዳገት መካከል ይጥልሃል” ይሉኝ ነበር። ስለዚህ አገሩን በመሙያ ቦታው እንደ አዲስ አጠኑት፤ የትኛው ሻይ ቤት መብራት እንደማይጠፋበት፣ የትኛው ወፍጮ ቤት ጄኔሬተር እንዳለው ለዩ። በክረምት ባትሪውን ነቅለው በጋቢ ጠቅልለው አልጋቸው ሥር ያሳድሩት ስለነበር እህቴ፣ እኔ በርዶኝ ባትሪው ይሞቀዋል እያለች ታማቸው ነበር።

ውሎ አድሮ ግን ገጠሩ ብስክሌቷን መፍራት ጀመረ። ከሩቅ ስትታይ ሴቶች እጃቸውን ራሳቸው ላይ ይጭናሉ፤ ዛሬ የማን ቤት ነው እያለ ሰው ከአዝመራው ይወጣል። ይህ አቶ ኪዳነወልድን ከምንም በላይ አሳዘናቸው። መላ ብለው ያመጡት ነገር ጎንደርን ሁሉ ያሳቀ ነበር፦ መርዶ በሌለበት ቅዳሜ ሁሉ ባትሪያቸውን ሞልተው፣ ያለ ምንም ጉዳይ፣ ከመንደር መንደር ረጅም መንገድ እየሄዱ “በደህና ነው የመጣሁት! በደህና ነው!” እያሉ ከሩቅ ይጮኹ ጀመር። እኔም አንድ ቀን፣ ጡረተኛ ሰው በባዶ ሜዳ ደህና ነኝ እያለ የሚጮህ ከሆነ ደህና አይደለም ብያቸዋለሁ። ሳቁና ቀጠሉ። መርዶ ሲይዙ ግን አይጮኹም፤ ብስክሌቷንም ከመንደሩ ውጭ ባሕር ዛፍ ሥር ሸሽገው በእግራቸው ይገቡ ነበር።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም ተገኘባቸው። ሐኪማቸው ዳገት በእግር እንዳይወጡና ከባድ ነገር እንዳይገፉ በብርቱ ሲያስጠነቅቃቸው፣ እርሳቸው ሞተሩ ስለሚገፋልኝ ብስክሌቷ መድኃኒቴ ናት ብለው ሁላችንንም አሳመኑን። ባትሪ እስካላት ድረስ እውነት ነበር።

በዚህ በሐምሌ ወር፣ በማራኪ ሰፈር ቤት ተከራይታ ትሠራ የነበረች አበቡ ክንዱ የምትባል ወጣት ታማ አረፈች፤ ወደ አገሯ የሚወስደው መንገድ በክረምት ማኪና የሚያሳልፍ ስላልነበረም እዚሁ ተቀበረች። አባቷ አያ ክንዱ ከአምባ ጊዮርጊስ ርቃ በምትገኘው በዝግባ ሜዳ ይኖራሉ፤ መርዶውን እንዲያደርሱም አቶ ኪዳነወልድ ተለመኑ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ባትሪውን እሞላለሁ ብለው ሲደርሱ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ እስኪመጣ ቢጠብቁ ወሬው በስልክ ሊቀድማቸው ነው፤ ስለዚህ በቀረችው ቀጠሉ። ዝግባ ሜዳ የመብራት መስመር አልገባባትም። በመንደሩ ያለው ጄኔሬተር አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ያለው በአያ ክንዱ ወፍጮ ቤት ነው። ለሌላ ቤት መርዶም ሆነ ለሰላምታ በሄዱባቸው ቀኖች ሁሉ ባትሪያቸውን ያስሞሉት እዚያ ነበር።

ጎህ ሲቀድ እንደ ወጉ መርዶውን አረዱ። ወፍጮው ዝም አለ፤ መንደሩ አለቀሰ። ከቀትር በኋላ ሲነሡ፣ ያሳደሯቸው ጎረቤት ወይዘሮ ሽታዬ “አያ ኪዳኔ፣ ባትሪው አልሞላም አይደል? ምነው ለአያ ክንዱ ሹክ ብልልዎ፤ ሞተሩን ለአንዳፍታ ቢያስነሡት?” ብለዋቸው ነበር። “በልጁ ለቅሶ ሞተር ላስጮህበት? ተይ እቴ!” አሉ። እንግዲያው ብስክሌቷን እዚህ ትተው በእግርዎ ቀስ ብለው ይሂዱ ቢሏቸው፣ ሳይክሏ የቆመችበት ደጅ ሁሉ ሰው ይደነግጣል፤ በለቅሶ ላይ ለቅሶ አልጨምርም ብለው፣ ከባሕር ዛፉ ሥር አውጥተው ሄዱ።

ባትሪው ብዙ ሳይርቁ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ጭቃ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ፣ ዳገት፣ እንደ ድንጋይ የከበደች ብስክሌትና የታመመ ልብ ነበሩ። ትናንት ማለዳ ገበያተኞች ሲያገኟቸው ብስክሌቷን ዛፍ አስጠግተው በጋቢያቸው ሸፍነዋት፣ እርሳቸው በሸሚዝ ብቻ አጠገቧ ተቀምጠው ነበር። ጋቢውን ያለበሷት ባትሪው እንዳይበርደው ይሁን፣ አይቷት የሚደነግጥ መንገደኛ እንዳይኖር፣ አናውቅም። በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ሲመጡ ነፍሳቸው ነበረች፤ አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርሱ ግን በተወለዱ በ65 ዓመታቸው አረፉ።

አያ ክንዱ የልጃቸውን ለቅሶ ትተው አስከሬኑን ተከትለው መጥተዋል፤ አሁንም እዚህ ከፊቴ ቆመዋል። ሌሊቱን ሙሉ “ምነው አንድ ቃል ቢተነፍስ! የሞተችው ልጄ ናት እንጂ እኔ መች ሞትኩ? በገዛ እጄ አስነሣለት ነበር!” ሲሉ አደሩ። እህቴ ያቺን ብስክሌት ዳግመኛ በዓይኔ አላይም ብላለች። አንዱዓለም፣ እኔ ነኝ የገዛሁለት እያለ ደረቱን ይደቃል። አንዱዓለም ልጄ፣ በሕዝብ ፊት ልንገርህ፤ አባትህን ብስክሌት አልገደለውም። ወጉን የሠራነው የተጎዳ ሰው ብቻውን እንዳይሆን ነው፤ አባትህ ግን ሁሉን ሰው ከብቻነት ጠብቆ ለራሱ ሲሆን አንድ ቃል መለመን አቃተው። ተቆጥቻለሁ! ትናንት ይህን ጽሑፍ ስጀምር፣ የገደላቸው ይሉኝታ ነው፤ እንዲህ ያለ ወግ ከእርሳቸው ጋር ይቀበር ብዬ ልጨርስ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግን ስልኬ ጠራ። የደወሉት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ነበሩ። ልጃቸው ከየጉዞው ሲመለሱ “ገባሁ” ብለው ሳይደውሉላቸው አያድሩም ነበር። ምን ብዬ እንደምዋሽ ሳስብ እርሳቸው ቀደሙኝ፦ “አዘዘ፣ ምንም እንዳትለኝ፤ እኔ ልናገር። ኪዳኔ ገባሁ አላለኝም። ጎረቤቶቼን ነገ ጎህ ሲቀድ ኑልኝ ብያቸዋለሁ። እርሱ ለሰው እንደሚያደርገው አድርጎ የሚነግረኝ ሸጋ ሰው ላኩልኝ። እስከዚያ ምንም አልሰማሁም። እናንተም የያዛችሁትን ሸጋ አድርጋችሁ ጨርሱ።” ስልኩ ተዘጋ። ቁጣዬ አልበረደም፤ ወጉ ይቀበር የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን ሰረዝኩት።

ማን ይሂድ ስንባባል አያ ክንዱ ተነሡ። እስከ ዳባት የሚያደርሳቸው ማኪና በመከራ ተገኝቷል፤ ከዚህ ደብር ደጅ ቀጥታ ይነሣሉ፤ ዛሬ ማታ ከጎረቤት ያድራሉ። እባክዎን አያ ክንዱ፣ ውኃ ቢሰጡዎ ይጠጡ፤ ቢደክምዎ ደክሞኛል ይበሉ።

አቶ ኪዳነወልድ ባለቤታቸውን ወይዘሮ መሰረት በላቸውን፣ ልጆቻቸውን አንዱዓለም ኪዳነወልድንና ሃና ኪዳነወልድን፣ እንዲሁም በሐዘኑ ቀን አጠገቡ ተቀምጠው ያለቀሱለትን ብዙ የደጋ ሰው ትተው አልፈዋል። ከዚህ ዝርዝር የእናታቸውን ስም ያወጣሁት ረስቼ አይደለም። ገና ስላልተነገራቸው፣ እስከ ነገ ንጋት ድረስ ልጅ አላቸው።

የኪዳነወልድን ነፍስ ቸሩ አምላካችን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥልን። ለእናታቸውም ይህችን አንዲት ሌሊት በሰላም ያሳድርልን።