አራት ችካል

ጋሽ ይገዙ አራት ችካል በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክመው ሳንሱሲ ፌርማታ ላይ ታክሲ ይጠብቃሉ። ችካሎቹን ማለዳ የነቀሏቸው ከሦስት ጎረቤቶቻቸው ጋር ከሚጋሩት የግጦሽ መስክ ነው። የተከላቸው የግብርና ጽሕፈት ቤት መሆኑን ሰምተዋልና፣ ሌባ እንዳይባሉ ወስደው ሊያስረክቡ ቆርጠዋል። በከተማው ዳር ችካል የተተከለበት መሬት ከባለይዞታው ጋር ሲከርም አላዩም፤ ሥጋታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። መስኩ ከሄደ ሁለቱ ላሞቻቸውም ሄዱ ማለት ነው።

አጠገባቸው የቆመች ወጣት፣ "አባባ፣ ከበደዎት፤ ላግዝዎት?" አለቻቸው።

"ተይው ልጄ፣ የመንግሥት ዕቃ ነው። ለባለቤቱ ልመልስ ነው።"

ከከረጢቱ ብቅ ያለውን ቀይ ጫፍ አይታ ደነገጠች። "ይሄንማ የተከልኩት እኔ ነኝ! ሰልዋ እባላለሁ፣ ከግብርና። ለምን ነቀሉት?"

"አንቺስ ለምን ተከልሽው? ዛሬ ችካል፣ ነገ ዶዘር!"

"ሳልነግርዎት መትከሌ ጥፋቴ ነው" አለች ሰልዋ ዝቅ ብላ። "ግን ችካሉ አምናም ዘንድሮም ፎቶ ያነሳሁበት ቦታ ምልክት ነው። በየዓመቱ ከዚያው ቦታ ካላነሳሁ መኖው መጨመር መቀነሱ አይታወቅም።"

"የእኔን መስክ እኔ ዐውቀዋለሁ። ቀነሰ ካልሽም ዝናቡ ነው።"

"ኧረ ጨምሯል!" ብላ ስልኳን ዘረጋችላቸው። "ይኸው ያምናው፣ ይኸው የዘንድሮው። እንዴት እንደሞላ ይዩት።"

ጋሽ ይገዙ ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙና ከት ብለው ሳቁ። "አክርማ እኮ ነው! ለስፌት እንጂ ለላም ይሆናል? ኮሌጅ ይሄን መኖ ነው ብለው አስተማሩሽ?"

ሰልዋ አፈረች። "ያምና የነበረውስ?"

"ማገጥ ነዋ! የላም ማር። ላሜ ቦራ የቆመችበት ሁሉ..."

ሳቃቸው ተቋረጠ። ማገጡ የነበረበት ቦታ ሁሉ ዘንድሮ አክርማ ነው። ዝናብ ለአክርማው ዘንቦ ለማገጡ አይቀርም። የአራት ቤት ከብት ክረምት ከበጋ ሲረግጠው መስኩ አንድ ቀን እንኳ አላረፈም፤ ይህን ለራሳቸውም ብለውት አያውቁም ነበር።

"በየቀኑ እያየሁት ሳይታየኝ ቀረ" አሉ ቀስ ብለው።

"እኔም ፎቶውን ይዤ ሳይገባኝ ቀረ፤ ስለዚህ አብረን እንለካ። ሁለት መዝገብ ይኖራል፤ አንዱ እርስዎ ዘንድ ይቀመጣል። እርስዎ ሳይፈርሙ ምንም አይጻፍም።"

"መሬቱ ላለመወሰዱስ ዋስ ትሆኛለሽ?"

"ልዋሽዎት አልችልም፤ በእኔ ሥልጣን ሥር አይደለም። ግን አንድ ሰው መጥቶ ጦም ያደረ መሬት ነው ቢል፣ ማስረጃው በእጅዎ ነው።"

ጋሽ ይገዙ ብዙ ተስፋ ሰምተው ያውቃሉ፤ "አልችልም" የሚል የቢሮ ሰው ግን ገና ማየታቸው ነው። ታክሲው ሲመጣ አልተሳፈሩም፤ ከሰልዋ ጋር ወደ መስኩ ተመለሱ።

ጉድጓዶቹ እንዳሉ ነበሩ። ሦስቱን ችካል ራሳቸው በድንጋይ መትተው ሲያበቁ ጎረቤታቸው ማኑሄ ከማዶ ተጣራ።

"ይገዙ! መሬታችንን ሊለኩት ነው እንዴ?"

"የምንለካው እኛ ነን! ከነገ ጀምሮ የመስኩን ግማሽ እናሳርፋለን። ማገጡ ዘሩን ጥሎ ይብቀል፤ ላሞቹ ሲጠግቡ ወተቱም ይመለሳል። ይቺ ልጅ ፎቶ ታነሳለች፣ እኛ ስሙን እንነግራታለን።"

ማኑሄ እያመነታ ቀረበ። ጋሽ ይገዙ አራተኛውን ችካል ከነድንጋዩ ሰጡት።

"ይሄ የአንተ ነው። ትከለው።"