ፖርት ያጣው ራውተር

ጠዋት ከአረካ ወደ ሶዶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ከፊቴ አንድ መምህር ካርቶን አቅፈው ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ኤሌክትሮኒክስ የሚነግዱ ሐጂ።

“ራውተር ነው እንዴ መምህር? እስቲ ልየው።”

“ይዩት። ልጄ ነው ከደቡብ አፍሪካ የላከልን።”

“ስድስት አንቴና! ይሄማ የሆቴል ዕቃ ነው። ለቤት ይበዛል።”

“ግቢውን በሙሉ ይሸፍናል ብሎኛል፤ እስከ ላሞቹ በረት ድረስ።”

“ታዲያ ይሸፍናል?”

“ምኑን ሐጂ? የኢንተርኔት መስመሩ መቼ ገባልን! ቴሌ ቢሮ በሄድኩ ቁጥር ወይ ‘ፖርት የለም፣ የመስመር መሰኪያው ሞልቷል’ ነው፣ ወይ ‘ግምገማ ላይ ነን’። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።”

“እስከ ዛሬ ምን አደረጋችሁት?”

“ባለቤቴ ዳንቴል አልብሳ ቡፌው ላይ አስቀመጠችው።”

“ለልጁ አልነገራችሁትም?”

“እንዴት ብለን? ስንት ለፍቶ የገዛውን! በጣም ጥሩ ይሠራል አልነው። ‘ታዲያ ፊታችሁን ለምን አላየሁም?’ ሲለን፣ የስልኩ ካሜራ ተበላሽቷል እንለዋለን።”

“አሁን ሊሸጡት ነው?”

“ኧረ! ቢሮ ይዤው እየሄድኩ ነው። የቀበሌ ደብዳቤ ባሳያቸውም አላዘኑልኝም። ዕቃውን በዓይናቸው ሲያዩት ምናልባት...”

“መምህር፣ ዕቃ ስላዩ ፖርት አይፈጥሩም እኮ።”

“አውቃለሁ። እሷ ናት ውሰደው ያለችኝ። ሰው ፊት ይቀርባል ብላ ዳንቴሉን እንኳን አጥባዋለች።”

ከኋላቸው እንደተቀመጥኩ የዚያኑ ቢሮ ባጅ ከአንገቴ አውልቄ ኪሴ ከተትኩት።