ሥራ ፈቱ ሦስተኛ እግር

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ለራሴ ጫማ ልገዛ ወደ አንዲት ጠባብ ሱቅ ጎራ ብዬ ጎረቤቴን ፎርማንን አገኘኋቸው። ከባለሱቁ ጋር ተፋጠዋል። በመካከላቸው፣ ባንኮኒው ላይ፣ ከመሀል ጣቴ እምብዛም የማይረዝም የጎማ ሸበጥ ተቀምጧል።

"ከዚህ የሚያንስ" ይላሉ ፎርማን።

"አባባ፣ ከዚህ የሚያንስ እግር ገና መራመድ አልጀመረም" ይላል ባለሱቁ።

"እኔም የምፈልገው መራመድ ላልጀመረ ነው።"

ፎርማን ስማቸው አይደለም። ሠላሳ ዓመት በሳሙና ፋብሪካ የሠራተኞች አለቃ ሆነው ሠርተዋል። እርሳቸው ጡረታ ሲወጡ ስሙ አብሯቸው ስላልወጣ፣ ዛሬም ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው በእርሱ ነው። ሸበጡ ለማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ወደ ጥግ ሳብ አድርገውኝ አወጉኝ። ለልጅ ልጃቸው ነው። ሕፃኗ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሳምንታት ይቀሯታል፤ ስትድህ የሚያህላት የለም። እናቷ፣ የፎርማን አንድያ ልጅ፣ ነርስ ናት፤ ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ሌላ ከተማ ልትሄድ ነው። ሕፃኗን ሊይዙላት የሚችሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አባቷ ፎርማንና አማቷ። አባቷን መርጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ያ የሚነዝር ፍሪጅ እስከ ቅዳሜ ይሠራ። ካልተሠራ ልጇ ወደ አማቷ ቤት ትሄዳለች።

"ያቺ ሴትዮ ደግሞ" አሉኝ ፎርማን፣ "በስድስት ሳምንት ውስጥ ወንድ አያት የሚባል ነገር በዓለም ላይ እንደሌለ ታስተምራታለች።"

ሳቅሁ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ድምፅ ያለው ነገር ፍሪጁ ብቻ ነው።

ፍሪጁን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም። በሩን የነካ ሰው እስከ ክርኑ ይነዝረዋል። ፎርማን ለዚህ መፍትሔ አበጅተው ነበር። ከማድ ቤቱ በር ሥር የጎማ ሸበጦች ከትልቅ እስከ ትንሽ ተደርድረዋል፤ ከበላያቸው በፎርማን የእጅ ጽሑፍ አንድ ደንብ ተለጥፏል። አንድ፣ በባዶ እግር መግባት ክልክል ነው። ሁለት፣ እጅ ይድረቅ። ሦስት፣ መያዣው አስቀድሞ በጣት ጀርባ ይፈተሽ። አራት፣ በሩ ሲከፈት ወሬ አይወራም። አራተኛው ለምን እንዳስፈለገ ብጠይቃቸው፣ ሦስት አንቀጽ ብቻ ያለው ደንብ ደንብ አይመስልም ብለውኛል። አንድ ቀን ቆጣሪ አንባቢው ውሃ ሊጠጣ ፍሪጁን ሲከፍት ነዝሮት ጠርሙሱን ለቀቀው። ፎርማን ያዘኑት ለጠርሙሱ ነበር። ሰውየውንማ አንቀጽ ሁለትን አፍርሰሃል ብለው ገሠጹት።

በሌላው ብቻ መፍረድ አይገባኝም። ተምሬያለሁ፣ አስተምራለሁም የምለው እኔ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት በገባሁ ቁጥር ሸበጥ አጥልቄ፣ ጣቴን ገልብጬ፣ አፌን ዘግቼ ፍሪጅ ስከፍት ኖሬያለሁ። ሰው አደጋን ሲለምደው አደጋነቱን ይረሳና ሥርዓት ያደርገዋል።

በዚያች ሱቅ ውስጥ ግን ያን ቁራጭ ሸበጥ ሳይ ኀፍረት ተሰማኝ። የእህቴ ልጅ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ተምራ በሕንፃዎች መስመር ዝርጋታ ትተዳደራለች። ነገ ይዣት ልምጣ አልኳቸው። ፎርማን አመነቱ። ፍሪጅ የሚያበላሸው የነካካው ሰው ነው የሚል እምነት አላቸው። በመጨረሻ ለመጠየቅ ከሆነ ትምጣ፣ ለመንካት ከሆነ ግን አትልፋ ብለው ፈቀዱ።

ዓርብ ዐሥር ሰዓት ላይ ደረስን። የእህቴ ልጅ ደንቡን ከላይ እስከ ታች አንብባ ያለ አንዳች ቃል ሸበጥ አጠለቀች። ፎርማን ይህን አይተው፣ ጥሩ ቤት ያደገች ልጅ ናት ሲሉ በጆሮዬ ነገሩኝ። ከዚያ ከኪሷ ጫፉ ላይ ትንሽ መብራት ያለበት ቴስተር አውጥታ የፍሪጁን በር ስትነካው መብራቱ ቀላ።

"አየሽ" አሉ ፎርማን ደስ ብሏቸው፣ "ጤነኛ ነው።"

"ጋሼ፣ ይህ የሚበራው ኮረንቲ ባለበት ቦታ ነው። ኮረንቲው መቀመጥ ያለበት ውስጥ፣ ሞተሩ ዘንድ ነበር። አሁን በር ላይ ወጥቶ እንግዳ ይቀበላል።"

ፎርማን አንድ ጠጋኝ ከዓመታት በፊት ስፒናውን ገልብጦ ሲሰካው ንዝረቱ እንደቀነሰ፣ እርሳቸውም የቱ ጎን ወደ ላይ እንደሚሆን እንዳይረሱ በቀይ ቀለም ምልክት እንዳደረጉበት በኩራት ገለጹ። ልጅቱ ምልክቱን ልታይ ጎንበስ አለች፤ ያየችው ግን ሌላ ነገር ነው። ስፒናው ሁለት እግር ብቻ አለው። በመካከላቸው ሦስተኛው የነበረበት ቦታ ላይ የተቆረጠ ጉቶ ይታያል።

ይህ እግር የት ሄደ ብላ ጠየቀች። ፎርማን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ይህን ታሪክ መናገር ይወዳሉ። ፍሪጁ አዲስ በመጣበት ቀን ስፒናው ባለ ሦስት እግር፣ የግድግዳው ሶኬት ግን ባለ ሁለት ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ። ፎርማን በፋብሪካው ለሠላሳ ዓመት ያደርጉት የነበረውን አደረጉ፤ ማን ምን እንደሚሠራ መረመሩ።

"ሁለቱ ገቡ፣ ፍሪጁም ሠራ። ታዲያ ሦስተኛው ምን ይሠራል? ምንም። ሥራ ፈት ነው። ሥራ ፈት ደግሞ እኔ ዘንድ ውሎ አያድርም። በፒንሳ ቆርጬ አሰናበትኩት።"

"ጋሼ" አለች የእህቴ ልጅ፣ "ሁለቱ የሚሠሩት ለፍሪጁ ነው። ሦስተኛው የሚሠራው ለእርስዎ ነበር።"

ከዚያም ረጋ ብላ አስረዳቻቸው። ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮውን ሲነካ ኮረንቲው በፍሪጁ ሙሉ አካል ላይ ይሠራጫል። ሦስተኛው እግር ከመሬት ጋር ከተያያዘ በእርሱ በኩል ይወርድና ብሬከሩ መስመሩን ያቋርጣል። እግሩ ከሌለ ግን ሌላ መውረጃ ይጠብቃል፤ የሚያገኘውም በሩን የያዘውን ሰው ነው።

ፎርማን የዋዛ ተከራካሪ አይደሉም። ሸበጡ ለዚህ አይደለምን አሉ። ጎማ መንገዱን ይዘጋል፤ ይህን እርሳቸው ሳይማሩ ደርሰውበታል። ልጅቱ ልክ እንደሆኑ አመነች፤ ግን ሸበጥ የሚዘጋው የእግርን መንገድ ብቻ እንደሆነ፣ በአንድ እጅ የፍሪጁን በር በሌላው የቧንቧውን ብረት የያዘ ሰው ሸበጡ እንደማያድነው ነገረቻቸው። ፎርማን ከፍሪጁ እስከ ቧንቧው ያለውን ርቀት በዐይናቸው ለኩ።

"አንቀጽ አምስት እጨምራለሁ" አሉ።

ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እርሷ ግን አልሳቀችም፤ በትዕግሥት ሌላ መንገድ ሞከረች።

"በፋብሪካችሁ የእሳት ማጥፊያ ነበር?"

"እንዴታ። ዐሥራ ሁለት፣ ቀያይ።"

"በሠላሳ ዓመት ስንት ቀን ሠሩ?"

"አንድም ቀን።"

"ታዲያ ሥራ ፈት ናቸው ብለው ለምን አላሰናበቷቸውም?"

አሁን ተሸነፉ ብዬ ነበር።

"ተቆጣጣሪ ይመጣ ነበር" አሉ ፎርማን።

ክርክሩ ከዚህ በኋላ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ፎርማን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በዚህ ፍሪጅ የሞተ ሰው እንደሌለ ደጋግመው ያስታውሳሉ። እርሷ ደግሞ ዛሬ ቀስ ብሎ የሚነዝር ነገ የተላጠው ሽቦ ጥቂት ሲሰፋ ይዞ እንደሚያስቀር ትናገራለች። ሽማግሌው ሊያዩት የሚችሉት ያለፈውን ነው፤ ወጣቷ የምታሳያቸው ገና ያልሆነውን ነው። ባልሆነ ነገር ሰውን ማሳመን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስተማሪ ያውቀዋል።

በዚህ መሀል የውጭው በር ተንኳኳ። የፎርማን ልጅ ናት። የጉዞዋ ሰዓት ስለተለወጠ በአንድ ቀን ቀድማ፣ ሕፃኗን በአንድ ክንዷ፣ ቦርሳዋን በሌላው ይዛ ደረሰች። ፎርማን ክርክሩንም እኛንም ረሱ። ሕፃኗን ተቀብለው ወንበር ላይ አስቀመጧትና ያን ከሱቁ የገዙትን ትንሽ ሸበጥ አጠለቁላት። ከዚያም በፋብሪካ ድምፃቸው አንቀጽ አንድን ያብራሩላት ጀመር።

ሕፃኗ በጥሞና አዳመጠች። ከዚያ አንዱን ሸበጥ አውልቃ አፏ ውስጥ ከተተችው። ሁለተኛው በራሱ ጊዜ ወደቀ። ፎርማን ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ ከወንበሩ ተንሸራትታ ወረደችና ለሃጯን እያንጠባጠበች፣ በሁለት እጇና በሁለት ጉልበቷ፣ የሚያብረቀርቀውን የፍሪጁን በር ዐይታ ገሰገሰች።

እኔ የተማርኩት ሰውዬ በቆምኩበት ደርቄ ቀረሁ። የእህቴ ልጅ ወደ ሶኬቱ ተወረወረች። ፎርማን ግን፣ ደረጃ ሲወጡ ጉልበታቸውን የሚያማርሩት ሽማግሌ፣ ሁለታችንንም ቀድመው ሕፃኗን ከመሬት አነሷት። እጇ በሩን ሊነካ የቀረው አንድ ስንዝር አይሞላም።

ሕፃኗ ሸበጡን ታኝካለች። ፎርማን ትንሿን መዳፍ ገልብጠው አዩት፤ በለሃጭ ርሷል። በሸሚዛቸው እጅጌ ጠረጉት፤ ወዲያው እንደገና አፏ ውስጥ ገባና ረሰ።

ልጃቸው ያስቀመጠችውን ቦርሳ መልሳ አነሳች። አልተቆጣችም፤ ይህ ከቁጣ የባሰ ነበር።

"ቅዳሜ ብለሽኝ ነበር" አሏት ፎርማን። "ዛሬ ዓርብ ነው።"

ከዚያ ወደ እህቴ ልጅ ዞሩ።

"ልጄ፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ደንብ ሳወጣ ኖርኩ። መገሠጽ የነበረበት ግን ፍሪጁ ነው። እባክሽ ሥሪው። የጎደለውን እግር መልሺልኝ።"

እርሷም የዋናውን መስመር ብሬከር አጥፍታ ሥራ ጀመረች፤ ማግሥቱን ሙሉ ስትሠራ ዋለች። ከፍሪጁ ጀርባ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ከቆርቆሮ ጋር እየተፋተገ የተላጠ ሽቦ አገኘችና ለወጠችው። ጓሮው ውስጥ እርጥብ ቦታ መርጣ ረጅም የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀበረች፤ ከዘንጉም አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ስባ ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ገጠመች፤ የፍሪጁንም ስፒና ባለ ሦስት እግር አደረገችው። ፎርማን በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ "ይኼኛው ምን ይሠራል?" እያሉ ሲከተሏት ዋሉ፤ መልሱንም ጻፉ። ኮረንቲ ካለቦታው ሲሄድ ዐይን ተርገብግቦ ሳይከደን መስመሩን የሚቆርጠውን ብሬከር ስታሳያቸውና የመፈተሻ ቁልፉን ተጭና ቤቱን ስታጨልመው፣ ሦስት ጊዜ አስደገሟት። ሠራተኛ ማለት እንዲህ ነው አሉ። ምንጣፍ ሥር ተቀብሮ ቴሌቪዥኑን፣ ካውያውንና ማሞቂያውን በአንድ ላይ የተሸከመው ኤክስቴንሽንም በዚያው ቀን ሸክሙ ቀለለለት፤ ማሞቂያው የራሱ ሶኬት ተሰጠው።

እናቷም ፍሪጁ መሠራቱን አይታ ሄደች፤ ሕፃኗም ከአያቷ ዘንድ ቀረች።

ፎርማን ግን የተለወጠ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አላረፉም። ሕፃኗን አዝለው በየጎረቤቱ እየዞሩ ስፒና መመርመር ጀመሩ። የሚነዝር ዕቃ፣ ንዝረቱ ትንሽም ቢሆን፣ ወዲያው ይነቀልና ባለሙያ ይጠራ ይላሉ። ገመድ አይጎተትም፤ የሚነቀለው ስፒናው ተይዞ፣ በደረቅ እጅ ነው። ኮረንቲ የያዘውን ሰው መጀመሪያ መስመሩን ሳያጠፉ መንካት ከአንድ ሬሳ ሁለት ሬሳ ማድረግ ነው። እኔም ቤት መጡ። የካውያዬን ገመድ በፕላስተር ጠቅልዬ እንደምጠቀምበት አግኝተው፣ መምህር ሆነህ ብለው ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግሥቱ አዲስ ገመድ አስገጠምኩ።

የዚህን ሁሉ ጥቅም ለሚጠይቅ፣ የፎርማንን ቤት አይቶ መመለስ ይበቃዋል። እንግዳ ያለ ሥልጠና ውሃ ቀድቶ ይጠጣል። የተላጠው ሽቦ ባይገኝ ኖሮ እሳት ሊበላው ይችል የነበረው ግድግዳ በሰላም ቆሟል። አንድ አባት ልጁን በስልክ "ሁሉ ደኅና ነው" ሲላት እውነቱን ነው።

በአምስተኛው ሳምንት እዚያው ማድ ቤት ተቀምጠን ስንጫወት ሕፃኗ እየዳኸች ሄዳ የፍሪጁን መያዣ ጨብጣ ተነሣች። ሁላችንም በልማድ ትንፋሻችንን ዋጥን። የፎርማን እጅ ሊነጥቃት ተዘርግቶ መንገድ ላይ ቆመ። ሕፃኗ መያዣውን ለቀቀች፤ ወዲያ ወዲህ ተወላገደች፤ አልወደቀችም። ፎርማን ያን የተዘረጋ እጅ መለሱና፣ በሌላኛው እጃቸው እያጨበጨቡበት፣ "ወፌ ቆመች" ማለት ጀመሩ።