የአባባ ቀፎዎች

— ሄሎ… ሄሎ ሚሊዮን! ምነው ወንድሜ፣ ከአባባ አርባ ወዲህ ድምፅህ ጠፋ? …እማማስ? …እሰይ። ቆይ አንዴ። አንቺ፣ ቁጭ በይ፣ ሻይሽን ጠጪ። …እንግዳ አለችኝ፣ ሱቅ ነኝ። ቀጥል።

— አዎ፣ ሰኞ ፍርድ ቤት። ወራሽነታችንን ለማሳወጅ። ምስክሮቹን አገኘህ? …ጎሽ! በጠዋት ይነሱ ብቻ፤ የማንኪራን መንገድ በዝናብ ታውቀዋለህ።

— አባባ ስንት ልጆች አሉት ብለው ይመስክሩ? …ሦስት? ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ማን ማን?

— አንተ፣ አዲሱ፣ እኔ ላቀች። ብርቅዬስ?

— ከሌላ ሴት ብትወለድስ? አባባ አይደለም ወይ በሠርጓ «ልጄ ናት» ብሎ በአገር ፊት የመረቃት? አንተስ ጠላ ስትቀዳ አልነበርክም? …እኮ! ሕጉ እናትሽ ማን ናት አይልም። ልጁ ከሆነች ልጁ ናት።

— ጊደር ወስዳለች? የሠርግ ስጦታ ነዋ! እኔም በሠርጌ ላም ተሰጥቶኛል፤ እኔንም ልትዘለኝ ነው? …እሱንማ አትደፍርም።

— እማማ? የማንን ልንነካባት! የሁለቱ የጋራ ከሆነው መጀመሪያ የእሷ ግማሽ ይወጣል። የአባባ ግማሽ ነው ለአራታችን፣ እኩል። ኑዛዜ ሳይተው ከሞተ እንዲህ ነው።

— እ? ቀፎዎቹ? …«ቀፎ ዛፍ ለሚወጣ ነው፣ ሴት ዛፍ አትወጣም»? ኧረ ቆይ ልሳቅበት! አባባ እግሩ የተሰበረ ጊዜ ገመዱን ወገቧ ላይ አስራ ማሩን ያወረደችው ብርቅዬ አይደለችም? አንተማ ግማሽ ላይ ደርሰህ «እትዬ አውርጂኝ!» እያልክ… ለአንዲት ንብ! …እሺ፣ ሁለት ነበሩ።

— ማን ሳቀ? እንግዳዋ ናታ። …አንቺ ደግሞ ጠጪ እንጂ!

— አይ፣ ክስ የለም። ወንድሜን ከስሼ ወዴት ልገባ? ግን እህትን መዝለል በሐሰት ማስመስከር ነው፤ አባባንም በመቃብሩ ውሸታም ማድረግ ነው። ያናድደኛል፣ እውነቴን ነው። እኔ እዚያው ቆሜ አራት ነን እላለሁ።

— «ብርቅዬ ያለችው ቢታ ገነት ነው፣ ሩቅ ነው፣ አትሰማም»? …ሚሊዮንዬ፣ ይህን ለራሷ ንገራት። …አሁን ነዋ። በጠዋቱ መኪና ገብታ ይኸው አጠገቤ ሻይ ትጠጣለች። እንኪ ብርቅዬ፣ ወንድምሽ ነው።

— …ምን አለሽ? …ያስላል? አትዝጊው፣ ይናገራል። አውቀዋለሁ፣ ሲያፍር ነው እንዲህ የሚሆነው።

— …እ? ምን አለ? «አንቺ ዛፉ ላይ ውጪ፣ ገመዱን ከታች እኔ እይዝልሻለሁ» አለ? አምጪው፣ አምጪው ስልኩን!

— ሚሊዮን! ተባረክ የእናቴ ልጅ። በል አሁን፣ ሰኞ አባታችሁ ስንት ልጅ አለው ሲሉህ? …አዎ። ጮክ ብለህ እንደዚያ በል። ደህና ዋል።