ጥጃ ቤቱ የጨሰ ለት

በእኛ ጊዜ፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ሳለ፣ እኛ የላይ ጎጥ ሰዎች ጥቂት ነበርን፣ ጥቂት! ግን ምንጩ የእኛ ነው። ታች ጎጥ ደግሞ ሰዉ እንደ ጤፍ፣ ኩሬው የእነሱ። ታዲያ አንድ ቀን የጣሊያን ካፒቴን ከነአስተርጓሚው መጣና፣ እንዲህ ደረቱን ነፍቶ፣ «ለበቅሎዎቼ ወይ ምንጩን ወይ ኩሬውን አጥራለሁ! እስከ እሑድ በአንድ ቃል ንገሩኝ፤ ካልተስማማችሁ ሁለቱንም እወስዳለሁ!» አለ። አውራ ዶሮ!

ታች ጎጦች ምን አሉ መሰላችሁ? «ምንጩ ይሰጥ፣ እኛ ብዙ ነን!» ወይ ጉድ! የእኛ ከብት ታዲያ እንባ ይጠጣ?

እና የእኛው የላይ ጎጡ አያ ታከለ ተነሣ። ቀድሞ ለአንድ አሜሪካዊ ሐኪም በቅሎ ይነዳ ነበርና፣ ሐኪሙ መንገድ ለመንገድ ያጫወተውን ሁሉ ይዟል።

«ስሙኝማ፣ አሜሪካን አገር ሁለት ሸንጎ አለ። በአንዱ ትልቁም አውራጃ ትንሹም አውራጃ እኩል ሁለት ሁለት ሽማግሌ ይልካል። በሌላው በሰው ብዛት ነው፤ እያንዳንዱ እንደራሴ ለላከው ቀበሌ አፍ ሆኖ ይናገራል። ነገሩ በሁለቱም ካላለፈ አይጸናም» አለ።

«ለምን ሁለት ጊዜ ይለፋሉ?» አለ የታች ጎጡ አያ ደምሴ።

«ብዙው ጥቂቱን እንዳይውጠው ነዋ!»

«ሄዶ የላከውን ቢረሳስ?»

«የብዛቱ እንደራሴ በየሁለት ዓመቱ ደጅህ መጥቶ ምረጠኝ ይልሃል፤ ያኔ ታባርረዋለህ! ሽማግሌውን ግን ስድስት ዓመት ትችለዋለህ።»

«ስድስት? እኔ ምሽቴንም ይህን ያህል አልቻልሁ!»

ሰዉ ሳቀ፣ እና አያ ታከለ «እኛም እንዲሁ ሁለት ሸንጎ እናቁም» ቢል በሳቁ መሐል እሺ አለ።

ታዲያ ለብዛቱ ሸንጎ ቤት ሊቆጠር ሆነ። እኛ ዘንድ ቤት የሚቆጠረው በጠዋት ጢስ ነው፤ ጢስ ከወጣ ሰው አለ። አያ ደምሴ ኮረብታ ላይ ቆሞ ያያል፣ እኔ በአጥሬ ቀዳዳ ጎረቤቴን ትርንጎን አያለሁ። ኩበት ታቅፋ ከቤቷ ወደ ጥጃ ቤት፣ ከጥጃ ቤት ወደ ዶሮ ቤት!

«ኧረ ትርንጎ፣ ምን ሆነሻል?»

«ዝም በይ አንቺ፣ ቤት እያበዛሁ ነው!»

ወዲያው ጥጆቹ እያሳሉ፣ ዶሮዎቹ እየጮሁ በር ጥሰው ወጡ። አያ ደምሴ ከላይ፣ «ምነው፣ ላይ ጎጥ ጥጃም እንደራሴ ይልካል እንዴ?» ብሎ ጮኸ። አፈርን! መሬት ብትውጠን ደስታችን!

እና በብዛቱ ሸንጎ፣ እንደፈራነው፣ ምንጩ ይሰጥ ተባለ። በሽማግሌዎቹ ሸንጎ ግን ሁለት ለሁለት! ወዲህም የለ ወዲያም የለ። ቅዳሜ ደረሰ፤ ነገ ካልተስማማን ሁለቱም ሊወሰድ ነው! ያኔ ያው አያ ደምሴ፣ ያ ምንጩ ይሰጥ ባይ፣ ኩሬው ሊሄድበት ሲል፣ «እንግዲያ ከሁለታችንም በታች ወንዝ አለ አይደል? ገደል ነው እንጂ። ለበቅሎው መውረጃ አብረን እንቆፍርለትና ምንጩንም ኩሬውንም ይተውልን» አለ። ይህ በሁለቱም ሸንጎ አለፈ! እልልታው! ካፒቴኑም መንገድ በነጻ ሲያገኝ ምን ይላል? ወንዙን ይዞ ሄደ።

«ጥጆቹስ፣ እማማ?»

ጥጆቹማ! ምንጩ ላይ በተሰበሰቡ ቁጥር ትርንጎ ወገቧን ይዛ፣ «ጠጡ፣ ጠጡ! የእናንተንም ጢስ ያስቆጠርሁ እኔ ነኝ!» ትላቸው ነበር። ቂ ቂ ቂ!