ስሙን ያሳመረው ልጅ

እንዴት አደርሽ እህቴ? እግርሽ ሻል አለሽ? ጀሶው መክበዱ አይቀርም፣ ቻል አድርጊው። የእኔ እህት ካንቺ አልጋ አጠገብ መተኛቷ ደግ ሆነ፤ እሷ እስክትነቃ የምጫወተው ሰው አገኘሁ። ልጆችሽ ግን ያስቀናሉ። ነርሷ ጠዋት በር ላይ ቆማ ያንቺን ስም ብትጠራ ሦስቱም ባንድ አፍ "አቤት" አሉ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እነሱ ናቸው። የእህቴ ልጅ እንዲህ አይቸኩልም... የረጋ ነው። ጠርተውትም አቤት አይል።

እዚያ መስኮቱ ጋ የተቀመጠው? እሱን ተዪው፣ ጠያቂ ነው። ትናንት ሽቶው ቀድሞት ገባ፤ ይኸው ስልኩን ይነካካል። አይሰማንም። እኔ የማጫውትሽ ስለ እህቴ ልጅ ነው። ያለ እሱ ሌላ የላትም።

ስሙን ያወጣችለት ራሷ ናት። ከእሱ በፊት ሁለት ቀብራለች። እሱ ሲተርፍላት "በዚህስ እጽናናለሁ" ብላ ያንኑ የሚል ስም ሰጠችው። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚሉት ውሸት አይደለም። ይኸው ተጽናንታ ተኝታለች አይደል... ሐኪሞቹ በወጓት መርፌ።

ምን ያደርጋል፣ ስሙ መሐል ላይ አንዲት ጠንካራ ፊደል አለችበት። አንድ የውጭ አገር አለቃ ነበረውና ያቺን ፊደል ማለት አቃተው። እንግዲህ የአለቃ ምላስ ከሚደክም እናት ያወጣችው ስም ቢቀየር ምን አለበት? ቀየረው። አዲሱን ስትጠሪው ከንፈርሽን ለፉጨት እንደሚያደርጉት ሰብሰብ አድርገሽ ትጀምሪና በአፍንጫሽ ትጨርሺዋለሽ። እኔ ስሞክረው ጉንፋን የያዘኝ መሰላቸው። አለቃው አገሩ ገባ። ስሙ ግን... አንዴ ከሄደ ወዴት ይመለሳል? የአባቱንማ ስም በአንዲት ፊደልና በነጥብ ጨረሰው። ልክ ነው፣ የሟች ስም ቢረዝም ምን ይሠራል፣ የቢሮ በር ላይ ቦታ ይይዛል እንጂ። መልካም ስም ከሽቶ ይበልጣል ይላሉ። የኛ ልጅ ደግሞ አስተዋይ ነው፤ እንዳይበላለጡበት ሁለቱንም ከውጭ አስመጣ።

ጌታው፣ ወንበሩ ጎረበጠዎት እንዴ? ትራስ ላቀብልዎት?

... ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ አዲሱን ስም ለእናቱ አልነገራትም። ለምላሷ አዝኖላት ይሆናል። መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ዳሌዋ ተሰብሮ እዚህ ስናመጣት "ልጄን ጥሩልኝ፣ ሳላየው ኦፕራሲዮን አልገባም" አለች። የእጅ ስልኩ ዝግ ነው፤ ትልቅ ሰው ስብሰባ ይውላል። መሥሪያ ቤቱ ደወልኩና እናቱ ባወጣችለት ስም ጠየቅኩ። ስልክ ያነሳችው ልጅ "እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ጋ የለም" አለችኝ። ጨዋ ልጅ ናት፣ አልዋሸችም። ደግሜ ደወልኩ... "እማማ፣ ነገርኩዎት እኮ፣ የለም።"

ምን ብዬ ልንገራት? ልጅሽ የለም ልበላት? ሐኪሙ ደግሞ ከዚህ በላይ መቆየት አይቻልም አለ። አልጋዋን እየገፉ ሲወስዷት ያንን ስም ትጠራለች። ኮሪደሩን ሙሉ ትጠራዋለች። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያታል፣ አቤት የሚል ግን የለም። መጨረሻ ላይ እኔው ድምፄን አወፍሬ "አቤት እማዬ" አልኳት። ዐይኗን ጨፍና ነበርና አመነችኝ፣ እጄን ጨብጣ ገባች።

በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ በር ድረስ ሄድኩ። ያገኘልኝ አንድ ሾፌር ነው። ስሙን ትቼ መልኩን ነገርኩት፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው አልኩት። በልጅነቱ ከደረጃ ወድቆ ተፈንክቶ፣ እናቱ ደሙ በልብሷ ላይ እየፈሰሰ አዝላ ሐኪም ቤት ያደረሰችው ጊዜ የቀረ ነው። ሾፌሩ ወዲያው አወቀው። ልጃችን ስሙን ሲያሳምር ጠባሳውን ረስቶት ኖሯል። መቼም ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው፣ ሁሉን አያዳርስም።

እኔ ግን አልተቀየምኩም። ማንን ልቀየም? እንዲህ የሚባል ሰው የለም ተብሎ ተነገረኝ፤ የሌለ ሰው ደግሞ እንዴት ይወቀሳል?

ቆይ እስቲ... ጣቷን አንቀሳቀሰች፣ ልትነቃ ነው። ስትነቃ ማንን እንደምትጠራ አንቺም አታጪውም። ጌታው፣ ፈቃድዎ ከሆነ ወደ አልጋው ጠጋ ይበሉ... ዛሬ እንኳ ያንን ስም የሚያውቅ ሰው ይገኝ ይሆናል።

ደግሞ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት አሉ፣ ደስ ሲል። እግዜር በሰላም ይገላግላት። ልክ እሱን የመሰለ ልጅ ይስጠው። ያሳድግለት፣ ያስተምርለት፣ ትልቅ ወንበር ላይ ያስቀምጥለት። አርጅቶ፣ ታሞ፣ አልጋ ላይ ሆኖ ልጁን በስሙ ሲጠራው ደግሞ... እሱ ለእናቱ እንደደረሰላት፣ ልጁም እንዲሁ ይድረስለት።

አሜን ይበሉ እንጂ፣ ጌታው።