ያልበሰለው ደም

አንድ ሰኞ ጠዋት ሸምገል ያሉ አናጢ የሐኪም ማዘዣቸውን አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው እየከተቱ የሆስፒታሉን ደረጃ ሲወርዱ፣ እዚያው ላቦራቶሪ የምትሠራውን የወንድማቸውን ልጅ ፊት ለፊት አገኟት።

«ጋሼ! ምነው፣ በደህና ነው?»

«ደምህ ውስጥ ካንሰር አለ አሉኝ። አመስግኜ መውጣቴ ነው።»

ልጅቱ ክንዳቸውን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አስቀመጠቻቸው።

«ከአጥንት በመርፌ የሚቀዳውን የመቅኔ ምርመራ አላዘዙልዎትም?»

«አዘዋል። ግን ልጄ፣ ካንሰር ያው ካንሰር ነው። ባለቤቴን፣ አክስትሽን አይተሻል፤ አፏ ቆስሎ ውሃ መዋጥ ሲያቅታት፣ ሦስት ወር ሙሉ ሳፋ ይዤ ተቀመጥኩ። በሽታው ይግደላት መድኃኒቱ ዛሬም አላውቅም። እኔ ቤቴ ልሙት።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። የአናጢው ፍርሃት ከወሬ ሳይሆን ካዩት የመጣ ስለነበር፣ በቁጣ የሚለቅ አልነበረም። ልጅቱም አልተቆጣችም።

«እትዬ የወሰዱት መድኃኒት ቶሎ ቶሎ የሚራባውን ሴል ሁሉ ይመታል፤ ጤነኛውንም አይምርም። እውነትዎን ነው። ነገር ግን የካንሰር ስሙ አንድ ይሁን እንጂ መነሻው ብዙ ነው። በሴላችን ውስጥ ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጡ ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞች አሉ። በአንዳንድ ሕመምተኛ ከእነዚህ አንዱ ጠባዩ ይለወጥና የማይፈለግ ነገር ያመርታል። ያ ነገር የደም ሴል እንዳይበስል ያግደዋል። ጥሬው ሲበዛ ጤነኛው ቦታ ያጣል።»

«መድኃኒቱስ?»

«የተለወጠውን ኢንዛይም ለይቶ ሥራ ያስፈታዋል። የታገደው ሴል ያኔ ይበስላል።»

«ሌባውን ከመግደል መምከር ነዋ!» አሉ አናጢው፣ ሳይስቁ።

«እንደዚያ ይበሉት። ግን ለሁሉም አይሆንም። ምርመራው ለውጡ የለብዎትም ካለ፣ ይህ ኪኒን አይጠቅምዎትም፤ ያንኑም ሳልደብቅ እነግርዎታለሁ። ካለብዎትም ይድናሉ ብዬ አልምልም።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። በሚስታቸው ጊዜ ሁሉም «ትድናለች» ብሎ ነበር፤ «አላውቅም» ያላቸው ሰው አልነበረም።

«መርፌው ያማል?»

«ያማል፤ ግን ቶሎ ያልፋል። አጠገብዎ እቆማለሁ።»

ማዘዣውን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለውጡ ተገኘ፤ ኪኒኑም ተጀመረ። ኪኒኑን በጀመሩ በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር መጣ። የድሮው አናጢ ቢሆኑ ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም ባሉ ነበር። ልጅቱ ግን «ሴሎቹ ሲበስሉ ይህ ሊመጣ ይችላል፤ አንድ ሰዓት እንኳ እንዳይቆዩ» ብላ አስጠንቅቃቸው ስለነበር ወዲያው ደወሉ፤ በጊዜ ታክመውም ተረፉ።

በስድስተኛው ወር በየሳምንቱ ይሰጣቸው የነበረው ደም ቀረላቸው። ግማሽ ቀን መላጊያ መያዝ ጀመሩ።

አንድ ቀን ለክትትል ሄደው ተራ ሲጠብቁ፣ አጠገባቸው የተቀመጠች ሴት «ካንሰር ከሆነማ ምርመራው ምን ይፈይዳል?» ብላ ስታለቅስ ሰሙ።

«እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር፣ እህቴ» አሏት። «ሳይመረመሩ መፍራት በሌላ ሰው በሽታ መሞት ነው። የእርስዎ ምን ዓይነት እንደሆነ ያስለዩ። የሚስማማው መድኃኒት ከተገኘ ዕድሜ ነው፤ ካልተገኘም በከንቱ ከመሠቃየት ያድናል። የእኔው ነገ ይመለስ ይሆናል። እስከዚያው ግን ይኸው፣ በእግሬ መጥቼ ከእርስዎ ጋር አወራለሁ።»

ሴትዮዋ እንባዋን ጠርጋ «መርፌው እንዴት ነው?» አለቻቸው።